የትኛው ግራፍ ይሻለኛል? እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳታዬ ተሰብስቦ አልቋል፣ ግራፉ ላይ ግን ተቸክያለሁ።

የመዘገብኩት ደንበኞች እስኪስተናገዱ ተራ የጠበቁበትን ጊዜ ነው፣ በደቂቃ። ሦስት መስኮቶች አሉ። በሁለቱ እያንዳንዳቸው 200 ገደማ ሰው ተመዝግቧል፤ በሦስተኛው 18 ብቻ። አብዛኛው ሰው ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቋል። ጥቂቶች ግን ከ90 ደቂቃ በላይ ቆይተዋል።

ፓይ ቻርት ይቅርብኝ፤ እሱ የአንድን ሙሉ ነገር ክፍፍል ለማሳየት ነው። የመስመር ግራፍም አይሆንም፣ መስኮቶቹ ቅደም ተከተል የላቸውም። የአማካይ ባር ግራፍ ሠራሁ። ያምራል፣ ግን ይዋሻል። እነዚያ ጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ ስርጭቱም ጭራሽ አይታይም።

የቀሩኝ ሂስቶግራም (ጊዜውን በክፍሎች ከፍሎ በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ በባር የሚያሳይ) እና ቦክስ ፕሎት (መሃል ላይ ያለውን የዳታውን ግማሽ በሳጥን የሚያሳይ) ናቸው። ሂስቶግራሙ የክፍሎቹን ስፋት በቀየርኩ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። በ5 ደቂቃ ስከፍለው ሁለት ጉብታ፣ በ20 ስከፍለው አንድ። የቱን ልመን? ቦክስ ፕሎት ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥልኛል፣ ሚዲያኑንም፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ ያሳያል። ግን ሁለቱን ጉብታዎች ውጦ ያስቀራቸዋል። ደግሞ አንባቢዎቼ የስታቲስቲክስ ሰዎች አይደሉም፤ ሳጥኑን አይተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

እያንዳንዱን ሰው በነጥብ ባሳይስ? ለ18ቱ ጥሩ ነው፤ 200 ሲሆን ነጥቡ ይደራረባል። ሎግ ስኬል (እንደ 1፣ 10፣ 100 እርምጃው በብዜት የሚያድግ መለኪያ) ልጠቀም ወይስ ሰው ማደናገር ነው? 18 ሰው ብቻ ያለውን መስኮትስ ከሌሎቹ እኩል ማሳየት ተገቢ ነው?

እንዲህ ዓይነት ዳታ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱንም ጨምራችሁ ንገሩኝ።