ከርብ ስቶኑ ይነሳ ወይስ ይኑር?

ጠያቂው፦ የእግረኛ መንገዱንና አስፋልቱን እኩል ደረጃ አድርጎ፣ ከርብ ስቶኑን (የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ድንጋይ)፣ ዜብራውን፣ ምልክቱን ሁሉ አንስቶ ሰውና መኪና ተቻችለው ይሂዱ የሚሉ አሉ። ያስኬዳል ወይስ ሰው ማስጨረስ ነው? እኔ ገና አልወሰንኩም፣ ተከራከሩበት

እግር በእግር፦ ያስኬዳል እንጂ! ኔዘርላንድስ ውስጥ እነ ደልፍት ከተማ ከጀመሩት ቆይቷል፣ በፈረንጆቹ 1976 ህግም ወጥቶለታል፣ ልጅ መሀል መንገድ ላይ ይጫወታል መኪናው ነው እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ የሚያልፈው። ኋላ ደሞ ሃንስ ሞንደርማን የሚባል የትራፊክ ኢንጅነር ድራክተን የምትባል ከተማ መስቀለኛ ላይ መብራቱን አስነቀለ፣ ሰው ሊያይ ሲመጣ ሰውዬው ወደኋላ እየተራመደ መኪናው መሀል ይገባ ነበር ሃሃ። ነገሩ ግልፅ ነው፣ ሹፌር መብራት ካለ መብራቱን ነው የሚያምነው፣ ከሌለ ግን የግድ ቀስ ብሎ የሰው ዓይን ዓይን ያያል

ነጭ በትር፦ ዓይን ዓይን ያያል አልክ? የኔን አይቶ ምን ሊያገኝበት ነው ወንድሜ? እኔ አላይም። በትሬ ከርብ ስቶኑን ሲነካ ነው እዚህ ጋ የኔ አለቀ ከዚህ ወዲያ የመኪና ነው የምለው። አንዴ እንዲህ የተደለደለ መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ የሄድኩ መስሎኝ ሳላውቀው መሀል ገብቼ ቆሜያለሁ፣ ያወቅኩት የሆነ ሰው ክንዴን ሲጎትተኝ ነው፣ መኪናው ኤሌክትሪክ ስለነበር ድምፁ እንኳን አልተሰማኝም። እንግሊዝ አገርም እኮ በፈረንጆቹ 2018 ላይ መንግስት ራሱ መኪና የሚበዛበት ቦታ ላይ እንዲህ አይነቱን ስራ ለጊዜው አቁሙ ብሏል

የጭነቱ ሰው፦ እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ ዕቃ የማራግፈው እኔ ነኝ። ካፌው ወንበሩን ዘርግቶ ሲያበቃ ወተቱን በሄሊኮፕተር ላውርድ?

እግር በእግር፦ ለሱ እኮ ነው መንገዱ በሰዓት የሚቀያየረው። ጠዋት ለጭነት፣ ከዛ መኪና የሚያግደው ተነቃይ ምሰሶ ይተከልና ለሰው፣ አምቡላንስ ከመጣ ይነቀላል። የኮሎምቢያዋን ዋና ከተማ ቦጎታን እዩ፣ በፈረንጆቹ ከ1974 ጀምሮ እሁድ እሁድ መንገድ ለሳይክልና ለእግረኛ ይለቀቃል፣ አሁን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል፣ ሰኞ ያው አስፋልት ነው

ጠያቂው፦ ቆይ ቆይ፣ ቦጎታ እኮ መጋራት አይደለም፣ ተራ መግባት ነው። መኪናው ጭራሽ የለም። አንተ የጀመርከው ግን አብረው ይሂዱ ብለህ ነው

እግር በእግር፦ እሺ እዚች ጋ ይዘኸኛል። መጋራት የሚሰራው መኪናው ጥቂት ሆኖ ቀስ ሲል ነው፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ በ60 የሚመጣና በ30 የሚመጣ አንድ አይደሉም። ዋና መንገድ ላይ ከርብ ስቶን አንሱ አልልም፣ ሰፈር ውስጥ ግን አለቅም

ነጭ በትር፦ ጎሽ። ሰፈር ውስጥም ቢሆን ግን ለኔ በእግር የሚዳሰስ መስመር ይኑር፣ ያ ቢጫው ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው ንጣፍ፣ ጃፓኖች በፈረንጆቹ 1967 የጀመሩት። እና እባካችሁ ላዩ ላይ ወንበርና ሞተር አታቁሙበት፣ ስንቴ ጉልበቴን ተመትቻለሁ

የጭነቱ ሰው፦ ጠዋት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምታስገቡኝ?

እግር በእግር፦ እስከ 4 በለው

የጭነቱ ሰው፦ 4 ከሆነ ይሁን። ምሰሶውን የሚነቅለው ሰውዬ ያረፈደ ቀን ግን ለማን ነው የምደውለው?