ሁኔታው ሲሟላ ብቻ የሚነሳ የብድር ግዴታ ያሰጋል?

ጥያቄ፦
የምሠራበት አምራች ድርጅት ከውጭ አበዳሪ ጋር የዶላር የሥራ ማስኬጃ ብድር ሊዋዋል ነው። ረቂቁ፣ በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከብድሩ ጣሪያ ከ35 በመቶ በላይ ተጠቅመን ከተገኘን ብቻ፣ ጠቅላላ ዕዳችን ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ በፊት ካለው የ12 ወር ትርፋችን ከ4 እጥፍ መብለጥ የለበትም ይላል። ሥራ አስኪያጃችን «እስከዚያ አንደርስም» ብለው ሊፈርሙ ነው፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምን ልመርምር?

መልስ፦
በየሩብ ዓመቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ከሚለካው ግዴታ ይህኛው በእርግጥ ይቀላል። ነገር ግን ብድሩን አብዝቶ የሚጠቀም ድርጅት ብዙውን ጊዜ ገቢው የቀዘቀዘበት ስለሆነ፣ ልኬታው የሚነሳው ለማለፍ በሚያስቸግርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ «የተጠቀመበት» የሚለውን ትርጓሜ ያንብቡ፤ ያልተከፈሉ ኤልሲዎች (ባንክ ለሻጭ እንደሚከፈለው የሚያረጋግጥባቸው ሰነዶች) እና የባንክ ዋስትናዎች ከተቆጠሩ፣ አንድ ዶላር ሳትወስዱ 35 በመቶውን ልታልፉ ትችላላችሁ።

መልስ፦
የምንዛሪ ተመኑም አይዘንጋ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ትርፉ 250 ሚሊዮን ብር የሆነ ድርጅት የ10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ቢኖርበት፣ በ57 ብር ሲሰላ ዕዳው የትርፉ 2.3 እጥፍ ያህል ነው፤ በ110 ብር ግን 4.4 እጥፍ ይሆናል፣ ያውም አንድም አዲስ ብድር ሳይወስድ። ዕዳው በዕለቱ ተመን ሲመነዘር ትርፉ የ12 ወር ድምር በመሆኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ዕዳውም በ12 ወሩ አማካይ ተመን እንዲሰላ ተደራደሩ።

መልስ፦
«ሁኔታው ተለውጧል» ብሎ ፍርድ ቤት መሄድን እንደ መውጫ አትቁጠሩት። ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ የሚዳኝ ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 አፈጻጸሙ ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ ቀሪ እንደማይሆን ይደነግጋል። የውጭ አበዳሪዎች ደግሞ የእንግሊዝን ሕግ መምረጥ ይቀናቸዋል። ይልቅስ ባለአክሲዮኖች ተጨማሪ ካፒታል አስገብተው ጥሰቱን የሚያርሙበት የጊዜ ገደብ በውሉ እንዲካተት ጠይቁ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ትርጓሜውን መልሼ አነበብኩት፤ ኤልሲዎች ይቆጠራሉ። አሁን የተከፈቱት ብቻ ከጣሪያው 41 በመቶ ናቸው። ፊርማው ለሌላ ቀን ተላልፏል።