«እዛው ከተመ» ሲባል ምን ለማለት ነው?

የመንቆረር ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከቡሬ ወደ ማርቆስ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሲያወሩ «ባህር ዳር ለትምህርት ብሎ ሄዶ እዛው ከተመ» አሉ። ኖረ ለማለት ነው ወይስ በዛው ቀረብን የሚል ወቀሳ አለበት?

ዳሞት፦ እኔ ከከተራ ጋር አንድ ዘር ነው ባይ ነኝ። ከተረ ማለት አገደ፣ ከበበ ነው፣ የድሮ ከተማ ደሞ በአጥር የተከበበ ነው።

ቅኔ ቤት፦ ወንድሜ «ረ» በየትኛው ሕግ «መ» ይሆናል? ዋሸራ ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያጠና ሰው እንዲህ አይልም። ከተማ ማለት ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሚሰፍርበት ነበር፣ እንጨቱና ሳሩ ሲያልቅ ይነሳል ከተማውም አብሮት ይነሳል፣ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ አብዛኛው ንጉሥ እንዲሁ ነው የኖረው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ የሚሰፍሩበት ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ «የራስ እገሌ ሰፈር» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ሰፈር ራሱ የጦር ቃል ነው እኮ።

እታለም፦ መጽሐፉንስ ምን እናድርገው? ሉቃስ 2፥11 ግዕዙ «በሀገረ ዳዊት» ነው የሚለው፣ አማርኛው «በዳዊት ከተማ»። ለግዕዙ ሀገር ማለት ከተማው ነበር፣ እኛ ግን ዛሬ «አገር ቤት» ስንል ገጠሩን ነው። ከተሜው ሲበዛ አገር የሚለው ቃል ትቶት ለመጣው ቀዬ ቀረለት ማለት ነው፣ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጮቄ፦ እታለም ልክ ብለሻል። የኛንም ተመልከቱ፣ መንቆረርን ደጃች ተድላ ጓሉ ቆረቆሩት፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተክርስቲያን አሠሩና ስሙም በደብሩ ተለውጦ ደብረ ማርቆስ ተባለ። ድንኳን ይነቀላል፣ ደብር ግን አይነቀልም፣ ገበያውም ሸማኔውም አንጥረኛውም ጠጅ ቤቱም ደብርና ግቢ አለ ብሎ ነው የሚጠጋው። ለኔ ከተመ ማለት መነሳት ቀረ ማለት ነው።

ዳሞት፦ እኔ ከተራን አለቅም። በከተራ ዕለት ታቦቱ ወርዶ ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ ሕዝቡም አብሮ ያድራል፣ ይሄ መስፈር ካልሆነ ምንድነው?

ቅኔ ቤት፦ ከተራ የተባለው ውሃው ስለሚከተር ነው፣ ከድንኳኑ አይደለም። ሁለቱን ግስ ለየብቻ አርባና እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዛ እንነጋገራለን።