ከሪዘርቭ መኮንንነት እስከ ጄኔራልነት፦ መንገዱ፣ ነጥቡ፣ ወረቀቱ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለዚህ ቤት። በአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) በኩል መኮንን ሆኖ፣ የሲቪል ሥራን ሳይለቁ እስከ ጄኔራል መድረስ ይቻላል ይባላል። ለልጆቻችን ስለ መግቢያው ገንዘብ የሚነግር ሪክሩተር ሞልቷል፤ ስለ ሠላሳው ዓመት የሚነግር ግን የለም። የምታውቁ አብራሩልን።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ)
ይቻላል። ሌተናል ጄኔራል ጆዲ ዳንኤልስን ተመልከቱ። ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1983 መኮንን ሆኑ፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያዙ፤ ሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ እየሠሩ በሪዘርቭ ማዕረጋቸው አደገ፤ በ2020 የጦሩን ሪዘርቭ በበላይነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ለተራ ወታደርነት ግሪን ካርድ ይበቃል፣ ስለዚህ በዲቪ የመጣ ልጅ መግባት ይችላል። ለመኮንንነት ግን ዜግነት ይጠየቃል። በሪዘርቭ በክብር የሚያገለግል ሰው ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ ባለው የጦርነት ጊዜ ድንጋጌ መሠረት አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ዜግነት ማመልከት ይችላል፣ ክፍያም የለውም። የዜግነት ማመልከቻ ከሆነው ኤን-400 ጋር አገልግሎቱን የሚያረጋግጥ ኤን-426 የሚባል ፎርም አለ፤ እሱን የሚፈርመው ጦሩ ነው። ነገሩ የሚጓተተው እዚያ ላይ ነው፤ ፎርሙ ለማን እንደተሰጠና መቼ እንደተሰጠ መዝግቦ በየድሪሉ (በየወሩ ልምምድ) መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዜጋ የሆነ ተማሪ ሮትሲ (ROTC) ይገባል፤ ኮሌጅ ውስጥ መኮንን የሚያሠለጥን ፕሮግራም ነው። እዚሁ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ኮሌጅ እየተማሩ ሪዘርቭ ወይም ናሽናል ጋርድ ውስጥ አብሮ ማገልገልም ይፈቀዳል። ሲመረቅ ምክትል መቶ አለቃ ነው፤ ከዚያ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተናል ኮሎኔል፣ ኮሎኔል እያለ ይሄዳል። በየእርከኑ የራሱ ትምህርት አለ። ትልቁ የጦር ኮሌጁ ነው፤ ሪዘርቭ ያለ ሰው በርቀት ሁለት ዓመት ይማረውና በሁለት ክረምት ሁለት ሁለት ሳምንት ፔንሲልቬንያ፣ ካርላይል ይሄዳል። ከመኝታ ሰዓት በፊት ጽሑፍ መጻፍ፣ ቀን ደግሞ ቢሮ መግባት ማለት ነው፤ ቤተሰብ አስቀድሞ ይወቀው።

የዕድገት ቦርዱ የሚያየው ፋይሉን እንጂ ሰውየውን አይደለም። የሥራ ግምገማው የጎደለ፣ የጨረሰው ኮርስ ያልተመዘገበለት ጎበዝ መኮንን ይታለፋል። ሻምበል ሆኖ ሁለት ጊዜ የታለፈ ሰው በአብዛኛው ይሰናበታል። ሌተናል ኮሎኔል በመኮንንነት 28 ዓመት፣ ኮሎኔል 30 ዓመት ሲሞላው ይወጣል። ለኮከቡ፣ ማለትም ለጄኔራልነቱ፣ ደግሞ ቦርድ ይመርጣል፣ ፕሬዚዳንቱ ያጫሉ፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ቦታው በሕግ የተቆጠረ ስለሆነ ብዙ ብቁ ኮሎኔል በኮሎኔልነቱ ጡረታ ይወጣል፤ ይህ ውድቀት ተደርጎ እንዳይታይ።

መልስ (ከዳላስ)
የጡረታ ነጥቡን ነገር ልጨምር፤ ጄኔራልም ሆነ ሃምሳ አለቃ ከዚህ አያመልጥም። አንድ የድሪል ክፍለ ጊዜ አራት ሰዓት ነው፣ አንድ ነጥብ ያስገኛል። በወር አንዴ ቅዳሜና እሑድ አራት ክፍለ ጊዜ ነው፤ በዓመት 48 ነጥብ። 14 ቀን የክረምት ልምምድ 14፤ አባል በመሆን ብቻ 15። ድምሩ 77። ዓመቱ ለጡረታ የሚቆጠረው 50 ነጥብ ከሞላ ነው፣ እንዲህ ያለ 20 ዓመት ያስፈልጋል።

ስህተቱ የሚመጣው ዓመቱ ጥር ላይ የሚጀምር ከመሰለን ነው። የሚጀምረው ሰውየው አገልግሎት በገባበት ቀን ነው። ከሲያትል ወደ ዳላስ ሲዛወር አዲሱ ዩኒት እስኪቀበለው የአራት ወር ድሪል ካመለጠው 16 ነጥብ ይጎድላል፤ የክረምቱ ልምምድም ካለፈው 47 ላይ ይቆማል። ነጥቡ አይጠፋም፣ ዓመቱ ግን ከሃያው አይቆጠርም። የነጥብ መግለጫውን፣ ዲኤ ፎርም 5016ን፣ በየዓመቱ አውጥታችሁ ከክፍያ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

የጡረታ ክፍያው፦ ነጥቡ ለ360 ይካፈላል። 4,000 ነጥብ ያለው 11.1 ዓመት ነው። ከ2018 ጀምሮ የገባ ሰው በዓመት 2 በመቶ ይታሰብለታል፣ ስለዚህ ከከፍተኛው የ36 ወር ደመወዝ አማካይ 22 በመቶ ገደማ። የሚጀምረው በ60 ዓመት ነው፤ ከጥር 28 ቀን 2008 ወዲህ ሙሉ ጊዜ የተጠራ ሰው በየ90 ቀኑ ሦስት ወር ያስቀድማል።

ሃያው ዓመት መሙላቱን የሚያሳውቀው ደብዳቤ ሲመጣ ለትዳር ጓደኛ የሚተርፈውን ጡረታ ለመምረጥ 90 ቀን አለ። ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ።

መልስ (ከሲያትል)
አሠሪን በተመለከተ፦ ለአገልግሎት የተጠራን ሰው ሥራ የሚጠብቀው ሕግ ለትንሹም ለትልቁም ድርጅት እኩል ነው። ተጠርቶ ሲመለስ ሥራውን የሚጠይቅበት ጊዜ ግን የተወሰነ ነው፤ ከ31 እስከ 180 ቀን ለቆየ 14 ቀን፣ ከዚያ በላይ ለቆየ 90 ቀን። የራሱን ትራክ ወይም ምግብ ቤት የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን የጎደለበትን ገቢ የሚተካለት የለም። የሚያገኘው ከመጠራቱ በፊት የተበደረው ወለድ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው፣ እሱንም በጽሑፍ ከትእዛዙ ቅጂ ጋር ለባንኩ ካመለከተ።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ)
እኛን በተለይ የሚነካ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ለምስጢር ፈቃድ በሚሞላው ፎርም ላይ አዲስ አበባ ያሉ እናትና አባት፣ ወንድምና እህት፣ በስም ያለ ቤት፣ የሚላክ ገንዘብ፣ ቢጫ ካርድ ሁሉ ይጻፍ። ዘመድ መኖሩ በራሱ ፈቃድ አያስከለክልም፤ መደበቁ ያስከለክላል። ፈቃዱ ያለው ሰው ለጥምቀትም ለለቅሶም ወደ አገር ቤት ሲሄድ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

ሌላው፣ ሪዘርቭ ያለም ጡረታ የወጣም ሰው፣ ጄኔራልም ቢሆን፣ ለውጭ መንግሥት ተቀጥሮ ለመሥራት ከጦሩ ሚኒስትርና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አማካሪነትም፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው የኤምባሲያችን ሥራም በዚህ ውስጥ ይገባል። ውል ከመፈረሙ በፊት የጦሩን የሕግ መኮንን ያማክር።