በቀን ሁለቴ እየቦረሽኩ ጥርሴ ለምን ይበላሻል?

ሹፌሩ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሜትር ታክሲ ነው የምነዳው። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ግማሽ ሊትር ኮላ ከጎኔ አይጠፋም። በአንዴ አልጠጣትም፤ እስከ ምሳ ድረስ ጎንጨት እያልኩ አቆያታለሁ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። የፊቶቹ ጫፋቸው ሳስቷል፤ ጥርሶቼ ላይ፣ ድዴ ጥግ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቷል። ከረሜላና ኬክ አልነካም፤ ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ። ታዲያ ከየት መጣ? ስኳር በሌለው ኮላ ብቀይረውስ?

የጥርስ ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው "እስከ ምሳ ድረስ" ያልከው ላይ ነው። ግማሽ ሊትር ኮላ ወደ 50 ግራም ስኳር አለው፤ 12 የሻይ ማንኪያ በለው። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል። ኮላው ራሱም አሲድ ነው። የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርስ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ይህን ለማስተካከል ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። አንተ በየአስር ደቂቃው ስትጎነጭ ፋታ አትሰጠውም። ያንኑ ኮላ ከምሳ ጋር በአንዴ የጨረሰ ሰው ካንተ ያነሰ ይጎዳል። ነጫጮቹ የመበስበስ መጀመሪያ ሳይሆኑ አይቀሩም። ካልተቦረቦሩ በፍሎራይድ፣ ማለትም የጥርስ ሳሙና ውስጥ ባለው ጥርስ አጠንካሪ ማዕድን፣ የመመለስ ዕድል አላቸው። ስኳር የሌለው ኮላ መበስበሱን ይቀንስልሃል፤ አሲዱ ግን ያው ስለሆነ የፊቶቹ መሳሳት አይቆምም።

የመርካቶ ልጅ፦
ብሩሹን ተወውና የወይራ መፋቂያ ያዝ። ከዚያ በሎሚና በጨው እሸት እሸት፤ በረዶ ይመስልልሃል!

የጥርስ ሐኪም፦
መፋቂያው ጥሩ ነው፤ ድድ እንዳያቆስል ቀስ ብሎ። ሎሚውን ግን በፈጠረህ! እሱም ኃይለኛ አሲድ ነው፣ የሚያነጣ የሚመስለው ላዩን እየበላ ነው። ኮላ ጠጥቶ ወዲያው መቦረሽም አይሆንም፤ የለሰለሰው ሽፋን ይፋቃል። በውሃ ተጉመጥመጥና ግማሽ ሰዓት ቆይ።

ቡና ወዳድ፦
እኛስ ዶክተር? አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ!

የጥርስ ሐኪም፦
እህቴ፣ በአንድ ቁጭታ ጨርሰሽ ውሃ ከጠጣሽበት ብዙም አልፈርድብሽም፤ ስኳሩን ግን ቀንሺ። የሚያሳስበኝ ጣፋጭ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚቀዳው ነው። ጫት በለስላሳ የሚያወራርደውማ ይብሳል፤ አፉ ደርቆ ምራቅም የለው።

የባቱ ልጅ፦
ቡናማ ጥርስ ሁሉ ከስኳር እንዳይመስላችሁ። ባቱ፣ መተሐራ፣ ወንጂ ያደግን ብዙዎቻችን ከጉድጓድ ውሃው ነው። ፍሎራይዱ ሲበዛ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው የሚያበላሸው። ቢፈትጉት አይለቅም።

የጥርስ ሐኪም፦
እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋው የጥርስ ሳሙና ግን ሌላ ነገር ነው።

ሹፌሩ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። እንቅልፉንስ ምን ላድርገው?

የጥርስ ሐኪም፦
ያለ ስኳር ቡና ጠጣ። ኮላው ካማረህ ከምሳ ጋር ይሁን። መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ ብቻ ነው። ማታ ስትቦርሽ የሳሙናውን አረፋ ትፋው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ይቆይበት። በዚህ ሳምንት የጥርስ ሐኪም ጋ ሄደህ ታይ። ትኩስ ነገርም መጠዝጠዝ ከጀመረህ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከቀሰቀሰህ፣ ወደ ነርቩ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሂድ።