የሴባስቶፖል መንገድ፦ የጋራ ማመልከቻ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ደርሷችኋል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ እስከ መቅደላ ስንቅ ያመላለሰበትን መስመር በምልክት እናሳይ፣ ማረፊያዎቹንም መልሰን እንገንባ ይላል። 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሉ፣ ሐሳብ አምጡ።

ከደሴ፦ ከመነሻው አልተስማማሁም። ዙላና ሰንዓፌ ኤርትራ ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ምልክት ለመትከል ማመልከቻውን ለማን ልናስገባ ነው? ደግሞ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የናፒየር ጉዞ ተጽፎ ተጽፎ ያለቀለት ነው። 44ቱ ዝሆኖች፣ ዙላ ላይ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ፣ ሁሉም ይታወቃል። የቴዎድሮስን መንገድ ግን ማን አስታወሰው? ንጉሡ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ሲነሱ፣ ለሠረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ጨጨሆ፣ ዘቢጥ፣ ቤተ ሆር፣ ጅጣ፣ ደላንታ፣ በሽሎ። ሁሉንም እየጠረጉ ነው ያለፉት። ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። መስከረም መጨረሻ ተነስተው መቅደላ ሥር የደረሱት መጋቢት ላይ ነው።

ከደላንታ፦ ጎሽ! እንግሊዞቹም ወደ ጅጣ የወረዱት ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነው። ሁለቱ ጉዞዎች የሚገናኙት እኛ ጋ ነው ማለት ነው። አገሬ ስለሆነ አይደለም፣ እሺ?

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ብለናል። እኔን የከነከነኝ ግን «ማረፊያዎቹን መልሶ መገንባት» የሚለው ነው። ምን ነበረና ነው የምንመልሰው?

ከአዲግራት፦ ልክ ነሽ። ውሃ ባለበት ድንኳን ይተከላል፣ እህል ይከመራል፣ በቅሎ ይታሰራል፤ ማረፊያ የሚባለው ይኸው ነው። አዲግራትና ሕንጣሎ ዋና የስንቅ ማከማቻ ነበሩ፤ የአገሬው ሰው በማርያ ትሬዛ ብር እህል ይሸጥላቸው ነበር። ሲመለሱ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። አሁን ግንብ ሠርተን «የ1860 ማረፊያ» ብንል ሰው ይታዘበናል። መስመሩን ከቀየራችሁ ግን እኛን ሁለተኛ ዙር ላይ በጽሑፍ አስገቡን።

ከለንደን፦ የጦሩ መሐንዲሶች በዘመቻው ወቅት ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ። የሰፈሩን መልክ በግንብ ከማስመሰል ምልክቱ ላይ ፎቶ ብንለጥፍ አይሻልም? የአጠቃቀም ፈቃዱን እኔ እጠይቃለሁ።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ እንዲህ ላስተካክለው፦ «አንደኛው ዙር ከቤተ ሆር እስከ መቅደላ ያለውን የቴዎድሮስን መንገድ ይሸፍናል። ምልክት በጅጣ፣ በደላንታ፣ በበሽሎና ዛሬም መቅደላ ላይ ባለው በሴባስቶፖል አጠገብ ይተከላል። ለእግረኛ መንገደኛ በበሽሎ አንድ ዳስ ይሠራል፤ ታሪካዊ ነው አይባልም። ሁለተኛው ዙር ከአዲግራት ይጀምራል።»

ከደሴ፦ በሽሎ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዳሱ ከወንዙ ራቅ፣ ከፍ ብሎ ይሠራ።

ገንዘብ ያዥ፦ በቆርቆሮ ነው በሣር? ዋጋው ይለያያል።

ከደላንታ፦ በሣር። ቆላ ነው፣ በቆርቆሮ ሥር ማን ይቀመጣል! የሚከድኑ ሰዎች እዚሁ አሉ፤ ዋጋ ጠይቄ ዓርብ እጽፋለሁ።

አስተባባሪ፦ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝምም አብረህ ጠይቅልን። የመንገዱን ሰላም ሳናጣራ የጉብኝት ቀን አንቆርጥም።