አራት ወይስ ሰባት? የጥንቷ ሕንድ ማኅበራዊ ክፍፍል ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጥንቷ ሕንድ ሃይማኖትና ማኅበራዊ ደረጃ የማስረክበው ጽሑፍ አለኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

በሪግ ቬዳ (የጥንቷ ሕንድ ቅዱስ የመዝሙር መጽሐፍ) 10ኛ ክፍል፣ 90ኛው መዝሙር ላይ አማልክት ፑሩሻ የተባለውን የመጀመሪያውን ግዙፍ ሰው ሲሠዉት አፉ ብራህሚን (ካህን)፣ ክንዶቹ ተዋጊ፣ ጭኖቹ ቫይሽያ (ገበሬና ነጋዴ) ሆኑ፤ ከእግሮቹም ሹድራ (አገልጋይ) ተወለደ ይላል። ስለዚህ አራት ቫርና (ማኅበራዊ መደብ) ብዬ ጻፍኩ። (ሰውን ከእግር ተወለደ ብሎ በመዝሙር ማስቀመጥ፣ እውነቴን ነው፣ ሲያነቡት ያማል።)

ከዚያ ሜጋስቴንስ ጋ ደረስኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ወደ ሕንዱ ንጉሥ ቻንድራጉፕታ ማውርያ የተላከ ግሪካዊ መልእክተኛ ነው። እሱ ሰባት ይላል፦ ፈላስፎች፣ ገበሬዎች፣ እረኞች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ወታደሮች፣ ተቆጣጣሪዎችና የንጉሥ አማካሪዎች። ሹድራ የሚል ስም በዝርዝሩ የለም። ሆኖም ማንም ከወገኑ ውጭ አያገባም፣ ሙያውንም አይለውጥም ብሏል።

መጀመሪያ መዝሙሩ የካህናት ምኞት፣ የእሱ ደግሞ ዓይኑ ያየው ሥራ ነው ብዬ ነበር። ግን የጋብቻው ክልከላ ጃቲ የሚባለውን፣ በትውልድ የሚወረሰውን የሙያ ወገን ይመስላል። ታዲያ ጃቲን ከቫርና እንዴት ለይቼ ላስረዳ? ይህን ያጠናችሁ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ፤ የማስረክበው ዓርብ ነው።